ወደ አዕዋፍ ደሴቶች ለሚሄድ መንገደኛ የሚገባ ጓዝ



ዛሬ የምናገረው ስለ ጓዝ ነው። ጓዝ ማሰናዳት ለሀገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። አባቶቻችን ለዘመቻም ሆነ ለንግድ በተነሡ ጊዜ በሶውንና ጭኮውን፥ ቋንጣውንና ድርቆሹን፥ ድንኳኑንና ምንጣፉን በአጋሰስ ጭነው ይሄዱ ስለ ነበረ፥ የመንገደኛው ብልህነት የሚታወቀው በስንቁ ብዛት ነበር። እኔ ዛሬ የምመክረው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። የምነግራችሁም ስለ አንድ ዓይነት ጉዞ ብቻ ነው፤ ይኸውም አዕዋፍንና የምድር ኤሊን፥ የባሕር ኤሊንና ዓሣን ለማየት ወደ ሞቃት ባሕር ደሴቶች ስለሚደረገው ጉዞ ነው። ነገሩ በደፈናው እንዳይቀርም አንድ ሀገር መርጫለሁ፤ እርሱም ሲሼልስ ነው። ከአዲስ አበባ በኢትዮጵያ አየር መንገድ በቀጥታ የተሳፈረ ሰው በአራት ሰዓት ያህል ይደርስበታልና ለእኛ ሩቅ አይደለም። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውቅ።

ሲሼልስ በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ የተበተኑ ከ100 የሚበልጡ ደሴቶች ናቸው። ዋነኛዪቱ ማሄ ናት፤ አውሮፕላኑም የሚያርፈው በእርስዋ ላይ ነው። ሁለተኛዪቱ ፕራስሊን ናት። ከፕራስሊን አጠገብ ደግሞ ኩዛን የምትባል አንዲት ትንሽ ደሴት አለች። ስፋቷ 30 ሄክታር እንኳ አይሞላም፤ እግረኛ ተራምዶ ሳይደክም ይዞራታል። ስለ ጓዝ የማውቀውን ዋና ነገር የማስረዳው በዚህች ደሴት ታሪክ ነውና ጥቂት ታገሡኝ።

በሲሼልስ ብቻ የሚገኝ ቡናማ መልክ ያለው፥ ከጣት ብዙ የማይበልጥ፥ ድምፁ ግን እጅግ ያማረ አንድ ትንሽ ወፍ አለ። በ1960ዎቹ ይህ ወፍ በዓለም ሁሉ ላይ ከኩዛን በቀር የትም አልቀረም ነበር፤ ቁጥሩም ቢቈጠር ከ30 አይበልጥም ነበር። ደሴቲቱም የኮኮነት እርሻ ሆና ነበር። በ1968 ዓ.ም. ለአዕዋፍ ጥበቃ የቆመው ዓለም አቀፍ ማኅበር ደሴቲቱን ገዛትና ኮኮነቱ እንዲገታ፥ የጥንቱም ዛፍ እንደ ገና እንዲበቅል አደረገ። ወፉም በዛ። በ1988 ዓ.ም. 29 ወፎች ተይዘው አሪድ ወደምትባለው ደሴት ተወሰዱ፤ ኋላም ወደ ሌሎች ሦስት ደሴቶች ተሻገሩ። ዛሬ ቁጥራቸው ከሦስት ሺህ በላይ ሆኖአል።

እንግዲህ ይህ ወፍ በሌላው ደሴት ሁሉ ሲጠፋ በኩዛን ስለ ምን ተረፈ? ኩዛን ላይ አይጥ ስላልነበረ ነው። ሌላ የረቀቀ ምክንያት የለውም። በዚያ ሀገር ያሉት አዕዋፍ ለብዙ ሺህ ዘመን አይጥና ድመት ሳያውቁ የኖሩ ናቸውና መሸሽንም፥ እንቁላላቸውን መሸሸግንም አልተማሩም። በረዶ የመሰለችው ነጭ የባሕር ወፍ ጎጆ እንኳ አትሠራም፤ አንዲቱን እንቁላሏን በባዶ ቅርንጫፍ ላይ አስቀምጣ ትታቀፋለች። ጅራተ ረጅሟ ነጭ ወፍ ደግሞ በዛፍ ሥር መሬት ላይ ትተኛለች፤ ሰው በአጠገቧ ቢያልፍም አትነሣም። መርከብ የወደብ አይጥ ይዞ በደረሰ ጊዜ እነዚህ ምን እንደሚገጥማቸው ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ስለዚህ እስከ ዛሬ ድረስ ማንም እንግዳ በመጣበት ጀልባ ኩዛን ላይ አይወርድም። ጀልባው ከዳር ርቆ ይቆማል፤ የደሴቲቱ የራስዋ ጀልባ መጥታ እንግዶቹን ትቀበላለች፤ ማዕበሉንም ቀዝፋ አሸዋው ላይ ታወጣቸዋለች። ከእንግዳው ጀልባ ሥር የተሸሸገች አንዲት ያረገዘች አይጥ የስድሳ ዓመት ድካም ልታጠፋ ትችላለችና። ሆኖም ጀልባው ቢቀር ሻንጣው አይቀርም። እንግዳው በትከሻው ያንጠለጠለውን ይዞ ይገባል። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ጓዙን የሚያሰናዳው ለራሱ ምቾት ብቻ አይደለም የምለውም ስለዚሁ ነው፤ ያንኑ ጓዝ ደሴቲቱም ትቀበለዋለች።

ይህ ማጋነን የሚመስለው ሰው ቢኖር ሦስት ነገር ልንገረው። ፍሬጋት በምትባለው ደሴት በ1970 ዓ.ም. አካባቢ አንድ ጥቁር፥ በክንፉ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ወፍ ከ20 የማይበልጥ ቁጥር ብቻ ቀርቶት ነበር፤ ሌላ መኖሪያም አልነበረውም። በ1995 ዓ.ም. አይጥ ወደዚያች ደሴት ገባ። አይጡን ፈጽሞ ለማጥፋት እስከ 2000 ዓ.ም. ድረስ ተደክሞአል፤ ወፉ የዳነው በዚያው ዘመን አንዳንዶቹ ወደ ሌሎች ደሴቶች ስለ ተወሰዱ ነው። ሁለተኛው፥ የወፍ ደሴት ተብላ በምትጠራው ስፍራ በ1991 ዓ.ም. ከውጭ የመጣ ብጫ ጉንዳን ተገኘ፤ ተስፋፍቶም እልፍ አእላፍ ሆነው በምድር ላይ የሚፈለፍሉትን የባሕር አዕዋፍ ከየስፍራቸው አስለቀቃቸው። ጉንዳን ቲኬት አይቈርጥም፤ ከሰው ዕቃ ጋር ነው የሚጓዘው። ሦስተኛው ደግሞ የሚያሳዝንም የሚያስቅም ነው። በ1950 ዓ.ም. አካባቢ ሹማምንቱ አይጡን ያጠፋልናል ብለው ጉጉት ከአፍሪካ አስመጡ፤ ጉጉቱ ግን አይጡን ማሳደዱን ትቶ በቀላሉ የምትያዘውን ነጭ ወፍ ይበላ ጀመር።

አሁን ወደ ሻንጣው ልመለስ።

ከመነሣታችሁ ሁለት ቀን አስቀድሞ አንድ ነጭ አንሶላ በግቢያችሁ ፀሐይ ላይ ዘርጉ። ልትወስዱት ያሰባችሁትን ሁሉ በእርሱ ላይ አውጡ፤ ሻንጣውንም ገልብጣችሁ አራግፉ። ከኪስ ጥግ፥ ከሱሪ እጥፋት፥ ከሻንጣው ስፌት የሚወርደውን ስታዩ ትደነቃላችሁ። በጥቅምት ወር እንጦጦ የወጣ ሰው ካልሲውን ይመልከት፤ ጭጎጎት ያልተሰካበት አይኖርም። ጭጎጎት ማለት ከልብስ ላይ ተጣብቆ በመሄድ ሌላ ሀገር ለመብቀል የተፈጠረ ዘር ነው። ሲከፈትና ሲዘጋ የሚጮኸው በዘመናችን ጫማና ቦርሳ ላይ የምናየው ማጣበቂያ ማሰሪያ እንኳ የተሠራው ከእንዲህ ያለ ዘር ተምረው ነው፤ ስለዚህ ዘሩም በዚያ ማሰሪያ ላይ መቀመጥ ይወዳል። በመርፌ ወይም በወረንጦ አንድ በአንድ ልቀሙት።

ከሁሉ ይልቅ ጫማውን ተጠንቀቁ። በጫማ ሥር ባለው ጎድጓዳ ውስጥ የሚደርቀው ጭቃ ዘርም፥ የትል እንቁላልም፥ የሻጋታ በሽታም ይይዛል። በስንጥር ፈልፍሉት፤ በሳሙናና በብሩሽ እጠቡት፤ ፀሐይ ላይ በደንብ ይድረቅ። ይህን ሥራ ለሠራተኛ አትተዉት፤ ሠራተኛው ጫማውን ከላይ ያሳምረዋል እንጂ ደሴቱን አያስብም።

ስንቅን በሚመለከት ምክሬ ለአንዳንዱ መራራ እንደሚሆን አውቃለሁ። እናት ወይም እኅት ለመንገደኛ ሳትሰንቅ አትለቅም። ነገር ግን ፍሬ፥ ዘር፥ ተክልና ሥጋ ያለ ፈቃድ ይዞ መግባትን የዚያ ሀገር ሕግ ይከለክላል፤ ጥሬ ቡናም ዘር መሆኑን አትርሱ። ቆሎ ተቆልቷልና አይበቅልም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ሆኖም ከከረጢቱ ግርጌ ሳይቆላ ያመለጠ ፍሬ አይጠፋም፤ ነቀዝም አለ። ለመንገድ የተያዘውን አውሮፕላን ውስጥ ጨርሱት፤ የተረፈውን ከመውረዳችሁ በፊት አስረክቡ፤ የሚያጠራጥር ነገር ቢኖራችሁም ሳትጠየቁ ለጉምሩኩ ሰው አሳዩ። የማሄን ተራሮች ዛሬ የሸፈነው ቀረፋ እኮ በ18ኛው መቶ ዓመት ፈረንሳዮች ለትርፍ ብለው ይዘውት የመጡት ተክል ነው። ጥቂት ችግኝ ነበር፤ አሁን ጫካውን ይዞታል።

ስለ ልብስ ብዙ አልናገርም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናትና እኛ በጋቢና በካፖርት የለመድን ሰዎች ነን፤ በማሄ ግን ዓመቱን ሙሉ ሙቀቱ ከ24 እስከ 32 ዲግሪ ያህል ነው፤ አየሩም የረጠበ ነው። ጋቢው ቤት ይቅር። ለአውሮፕላኑ ብርድ አንድ ስስ ሹራብ ይበቃል። ቀለል ያለ እጀ ረጅም የጥጥ ሸሚዝ ሁለት ወይም ሦስት፥ ቶሎ የሚደርቅ ሱሪ፥ ሰፊ ባርኔጣ ያዙ። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ዝናቡ ይበዛል፤ ከግንቦት እስከ መስከረም ደግሞ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ባሕሩን ያናውጠዋል። በጫካ ውስጥ ጃንጥላ ከቅርንጫፍ ጋር ይጣላልና ተጣጥፎ ኪስ የሚገባ የዝናብ ካፖርት ይሻላል። ባሕር የሚያስመልሰው ሰው መድኃኒቱን ከሐኪም ጠይቆ ይያዝ።

ጫማ ሦስት ዓይነት ያስፈልጋል። አንዱ ለጫካ መንገድ፥ አንዱ ለባሕር ውሃ፥ አንዱ ለማረፊያ ቤት። ወደ ኩዛን ስትወርዱ ጀልባዋ አሸዋውን ብትነካም የመጨረሻው እርምጃ በውሃ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ መርጠብ የሚችል ጫማ ተጫምታችሁ ውረዱ። የፎቶግራፍ መሣሪያውንና ወረቀቱን ውሃ በማያስገባና አፉ በሚጠቀለል ከረጢት ክተቱ። ከላስቲክ ከረጢት ጋር ግን አትሂዱ፤ ሲሼልስ ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ ከልክላዋለች። ደሴት ላይም ከተሠራው መንገድ አትውጡ። አንዳንዱ የባሕር ወፍ ጎጆውን እንደ ፍልፈል መሬት ቆፍሮ ስለሚሠራ፥ ከመንገድ ወጥቶ የረገጠ ሰው ከጣሪያው ጋር ጫጩቱን ይረግጣል።

አሁን ወደማይቀረው ጥያቄ ደረስን፤ የሩቁን አቅርቦ ስለሚያሳየው መነጽር። ብዙ ሰው ትልቁንና ከባዱን ይመርጣል። እኔ ግን ስምንት ጊዜ የሚያቀርበው ይበቃል እላለሁ። ዐሥር ጊዜና ከዚያ በላይ የሚያቀርበው በጀልባ ላይ እጅ ሲንቀጠቀጥ ሁሉንም ያንቀጠቅጠዋል። ደግሞም በዚያ ሀገር ወፉ ሰውን አይፈራም። ቀደም ሲል ያነሣሁት ጥቁር ወፍ ሰው ሲራመድ ከደረቅ ቅጠል ውስጥ የሚነሣውን ተባይ ለመልቀም እስከ ጫማችሁ ድረስ ይከተላችኋል። ስለዚህ ከሩቅ ይልቅ ቅርቡን አጥርቶ የሚያሳይ መነጽር ምረጡ። ለፎቶግራፍም ክንድ የሚያህል መስታወት መሸከም በከንቱ መድከም ነው። የፎቶግራፉን መብራት ግን አጥፉ። የእጅ ባትሪም ቢሆን ሌሊት በባሕር ዳር ወደ አሸዋው አታብሩ፤ ከእንቁላል የሚወጡት የኤሊ ጫጩቶች ባሕሩን የሚያገኙት በብርሃን ስለ ሆነ መብራት ያሳስታቸዋል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ለሚሄድ ሰው አንድ ደስ የሚያሰኝ ነገር አለ፤ በዚያ ያለችው የባሕር ኤሊ እንደ ሌላው ሀገር ሌሊትን ሳትጠብቅ ቀን በቀን ወጥታ ትጥላለች። ስታዩአት ከኋላዋ ቆማችሁ ዝም በሉ።

በባሕር ውስጥ ዓሣውን ለማየት የሚወድ ሰው የፊት መስታወቱን ከዚሁ ይዞ ቢሄድ ይጠቀማል፤ የተከራዩት ከፊት ጋር ካልገጠመ ውሃ ያስገባልና። ፀሐይን ለመከላከል ቅባት ከመደራረብ እጀ ረጅም የመዋኛ ሸሚዝ መልበስ የተሻለ ነው። በውሃ ላይ ተደፍቶ ዓሣ ሲመለከት የዋለ ሰው ማታ ጀርባው እንደ ምጣድ ይግላል። በአንዳንድ ቅባት ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ደግሞ መርጃንን ይጎዳል ተብሎ ስለሚጠረጠር ፓላው የተባለችው የደሴቶች ሀገር ከ2020 ዓ.ም. ጀምሮ ከልክላዋለች። መርጃን ድንጋይ ይመስላል እንጂ ሕያው ፍጥረት ነው። በ1998 ዓ.ም. ባሕሩ ከልክ በላይ በሞቀ ጊዜ በሲሼልስ ማዕከላዊ ደሴቶች ዙሪያ ከነበረው መርጃን አብዛኛው ሞተ። ከዚያ የተረፈውንና እንደ ገና የበቀለውን በእግራችሁ አትቁሙበት።

ስለ ጤና። በሲሼልስ ወባ የለም። ትንኝ ግን አለች፤ ይልቁንም በኩዛን ጥላ ሥር የምትጠብቃችሁ ብዙ ናት፤ ስለዚህ የትንኝ መከላከያ ቅባት ከሁሉ በፊት በእጅ ቦርሳ ይግባ። ከእኛ ሀገር የሚሄድ መንገደኛ የብጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀት ይጠየቃል። ክትባቱ ከመነሣት ቢያንስ ዐሥር ቀን አስቀድሞ መወጋት አለበት፤ አንድ ጊዜ የተወጋ ግን ወረቀቱ ዕድሜ ልኩን ያገለግለዋል። የኤሌክትሪኩ መሰኪያ እንደ እንግሊዞች ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ነውና የእኛ ባለ ሁለት ክብ አይገባበትም። ወደ ሌሎቹ ደሴቶች የሚያመላልሱት ትንንሽ አውሮፕላኖች ደግሞ ከትልቁ አውሮፕላን ያነሰ ጭነት ብቻ ይቀበላሉ። ብረት ለበስ ሻንጣ ይዞ የሄደ ሰው ማሄ ላይ ትቶት ለመሄድ ይገደዳል፤ ለስላሳ የጨርቅ ሻንጣ ይሻላል።

ሻንጣው በሚመለስበት ጊዜ ምን እንደሚይዝም ከቤት ሳይወጡ ሊያስቡበት የሚገባ ነው። ፕራስሊን ላይ ማይ ሸለቆ የሚባል የዘንባባ ደን አለ፤ ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በ1879 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ድረስ መጥቶ ከዐፄ ዮሐንስ ፊት የቀረበው ጄኔራል ጎርደን በ1881 ዓ.ም. ይህን ደን ባየ ጊዜ የኤደን ገነት ይህ ነው፤ ዕፀ በለስም ይኸው ዛፍ ነው ብሎ ጽፎአል። ዛፉ በተፈጥሮ የሚበቅለው በፕራስሊንና በጎረቤቷ በኩሪዩዝ ብቻ ነው፤ ፍሬውም ከዓለም ዘሮች ሁሉ የከበደ ሆኖ ከ15 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ይህን ፍሬ መግዛት ይቻላል፤ ነገር ግን የመንግሥት ማረጋገጫ ወረቀት የሌለውን ከመንገድ ዳር ሻጭ አትግዙ፤ አውሮፕላን ጣቢያ ላይ ይወሰድባችኋል፤ የሚሰረቀውም ከዚያው ደን ነው። የባሕር ኤሊን ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ሕጉ ፈጽሞ ይጠብቃታል፤ ከቅርፊቷ የተሠራ ማበጠሪያም ሆነ አምባር ተቀባይነት የለውም። ዛጎልና መርጃንም በዚያው ይቅሩ፤ ባዶ በሚመስለው ዛጎል ውስጥ ሸርጣን ቤቱን ይሠራልና።

በምትኩ ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ፥ የላስቲክ ጠርሙስ፥ የተበጠሰ ነጠላ ጫማ በትንሽ ደሴት ላይ የሚቀበርበት ስፍራ የለም። አልዳብራ የምትባለው ሩቅ ደሴት ከዓለም ግዙፍ የምድር ኤሊዎች ሁሉ ብዙዎቹ የሚኖሩባት ናት፤ ሰውም ከጥቂት ጠባቂዎች በቀር አይኖርባትም። ሆኖም በ2019 ዓ.ም. ከዳርቻዋ 25 ቶን ቆሻሻ ተለቅሞ ተወሰደ። አብዛኛው የዓሣ አጥማጆች መረብና ገመድ ነበር፤ ከቀረውም መካከል የነጠላ ጫማው ብዛት ለቃሚዎቹን አስገርሞአቸዋል። ኤሊዎቹ ጫማ እንደማያደርጉ የታወቀ ነው።

የመጨረሻው ነገር አንዲት ሌሊትን የሚመለከት ነው። ወደ ኩዛን ከመሻገራችሁ በፊት ፕራስሊን ላይ ታድራላችሁ። በፕራስሊን አይጥም ጉንዳንም አለ። ክፍታችሁ ምንም የጸዳ ቢሆን፥ አፉን ከፍቶ ወለል ላይ ያደረ ቦርሳ በቤቱ ነጭ አንሶላ ላይ የደከማችሁበትን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። ስለዚህ ማታ ቦርሳችሁን ዝጉት፤ ከወለልም አንሥታችሁ ስቀሉት። ጠዋት ባሕር ዳር ስትደርሱ እንደ ገና አውጥታችሁ አራግፉት፤ ጫማችሁንም ገልብጣችሁ እዩት፤ ከዚያም ዘግታችሁ የደሴቲቱን ጀልባ ጠብቁ።